«ሞተሩ አልቋል» ከመባሉ በፊት፤ የአሮጌ መርሴዲስ ሕመም በአነስተኛ ወጪ እንዴት ይለያል?

ጧት ለመነሳት ያስቸግራል። ከተነሳ በኋላ ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ ቤንዚን ግን እንደ ውኃ ይጠጣል። እንዲህ ያለ መርሴዲስ ፉሪ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ቢቆም በሩብ ሰዓት ውስጥ ሦስት ዓይነት ፍርድ ይሰጥበታል። መካኒኩ «ሞተር ይውረድ» ይላል። ደላላው «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ዋጋ ይቆርጣል። ጎረቤት ደግሞ «ሽጠህ ተገላገል» ብሎ ይመክራል። ሦስቱን ፍርዶች አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል፤ ከሦስቱ ማንም ምንም ነገር አልለካም።

በዚህ ያለ መለኪያ በተሰጠ ፍርድ ምክንያት ከመኪናው ዋጋ ላይ የሚቀነሰው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ሻጭ የሚያጣው፣ ገዢ የሚያተርፈው ወይም ሁለቱም ለጋራዥ የሚገብሩት ይህንኑ ልዩነት ነው። ስለሆነም ሊነሳ የሚገባው ጥያቄ «መኪናው ምን ሆነ?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «ምን እንደሆነ ለማወቅ ስንት ብር ይበቃል?» የሚለውም ጭምር ነው።

ዛሬ ጥያቄው ለምን ከበደ?

በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ሥር ያለችውና ስሟን ለአዲስ አበባ-ጅቡቲ ባቡር መነሻ ለፉሪ-ለቡ ጣቢያ ያዋሰችው ፉሪ፣ እንደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሁሉ ከዋና ከተማዋ ጋር በየቀኑ የምትመላለስ ናት። በነዚህ ከተሞች ለሚኖር ነጋዴ መኪና የቅንጦት ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የሥራ መሣሪያውም፣ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚሸጠው ቁጠባውም ነው።

የዚህ ቁጠባ ዋጋ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በሦስት ውሳኔዎች ተለውጧል። የመጀመሪያው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ነው። አዋጁ ብዙ ዓመት ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ሲገቡ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሎባቸዋል። ሁለተኛው መንግሥት በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ የጣለው ክልከላ ነው። ሦስተኛው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ሲሆን፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም ይህንኑ ተከትሎ ንሯል።

የሦስቱ ውጤት ሲደመር ትርጉሙ ግልጽ ነው። በአገር ውስጥ ያለው የቤንዚን መኪና ቁጥር በአዲስ የሚተካ አይደለም፤ በአግባቡ የሚሠራው ዋጋውን ይዞ ይቆያል፤ በግምት የሚቀየር ዕቃ ግን ከበፊቱ ይልቅ ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ የምርመራ ዕውቀት ራሱን የቻለ ዋጋ አውጥቷል ማለት ነው።

ከአሮጌዎቹ የጀርመን መኪኖች በሕዝብ ዘንድ በብዛት የሚታወቁት ሁለቱ የመርሴዲስ ዓይነቶች ናቸው። «190» የተባለው ትንሹ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1993 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። «ደብልዩ 124» የሚባለው ትልቁ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ብዙ ተሠርተዋልና መለዋወጫቸው በዓለም ገበያ አልጠፋም፤ ሞተራቸውም በአያያዝ ረጅም ዕድሜ የሚሰጥ ነው። እርጅና ቀድሞ የሚያጠቃው ብረቱን ሳይሆን ጎማውን፣ ሽቦውንና መገጣጠሚያውን ነው። ገበያው ግን ብረቱ ያለቀ ያህል አድርጎ ይተምናቸዋል።

የ«ሎሚ» ገበያ

ይህን ነገር አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ በሚገባ ገልጸውታል። አሜሪካውያን ውስጡ የተበላሸን መኪና «ሎሚ» ይሉታል። ሻጭ የመኪናውን ጠባይ ያውቃል፤ ገዢ አያውቅም። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ስላልቻለ ሁሉንም እንደ መጥፎ ቆጥሮ ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ የጥሩ መኪና ባለቤት አይሸጥም፤ ስለዚህ ገበያው ውስጥ የሚቀረው መጥፎው ይሆናል። አከርሎፍ ለዚህና ተያያዥ ለሆነ ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

በአሮጌው መርሴዲስ ላይ ነገሩ አንድ እርምጃ ይከፋል፤ ብዙ ጊዜ ሻጩም አያውቅምና። ሁለት የማያውቁ ሰዎች ሲደራደሩ ዋጋውን የሚቆርጠው ፍርሃት ነው። ፍርሃት ደግሞ ምንጊዜም የሚያስበው ትልቁን ወጪ ነው።

ነገሩን በቁጥር ለማየት ያህል፣ ጤነኛው መኪና 100 ያወጣል፣ ሞተር ማሳደስ ደግሞ 40 ይፈጃል እንበል። ደላላው «ሞተሩ አልቋል» ብሎ 60 ይሰጣል። እውነተኛው ሁኔታ ግን ሞተሩ ያለቀ የመሆኑ ዕድል ከ4 አንድ፣ በ8 የሚጠገን ቀላል ብልሽት የመሆኑ ዕድል ከ4 ሦስት ቢሆን፣ የሚጠበቀው ወጪ 10 እና 6 ተደምሮ 16 ነው። መኪናው በተገቢው ስሌት 84 ያወጣል። በ60 እና በ84 መካከል ያለው 24 የሚደርሰው ቀድሞ ለለካው ወገን ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ ዕድሉ ተገልብጦ ከ4 ሦስቱ ያለቀ ሞተር ነው ቢባል እንኳ የሚጠበቀው ወጪ 32 እንጂ 40 አይሞላም። ምርመራው 2 ቢፈጅ በሁለቱም መንገድ ያዋጣል።

መሣሪያው፣ ደንቡና ወጥመዱ

ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው በስልክ የሚሠራውን ርካሽ የኮምፒዩተር መመርመሪያ ነው። ይህ መሣሪያ ለነዚህ መኪኖች አይሆንም። ደረጃውን የጠበቀው መሰኪያ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996፣ በአውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ወዲህ ነው ግዴታ የሆነው። ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና «ኮምፒዩተር አይቶት» ተብሎ ገንዘብ ከተጠየቀ፣ በየትኛው መሣሪያ እንደታየ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ከዚያ ያነሰ ነው። አንድ ቴስተር፣ አንድ የኮምፕሬሽን መለኪያ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ የእጅ ባትሪና ውጤት የሚጻፍበት ደብተር ይበቃል። የኮምፕሬሽን መለኪያውን መግዛት ካላዋጣ መከራየት ወይም ከባለጋራዥ ጋር ለአንድ ጊዜ ልኬት ብቻ መዋዋል ይቻላል።

ደንቡ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ምርመራው ከነፃው ይጀመርና ወደ ውድው ይሄዳል። ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይነካል፤ ሦስት ዕቃ በአንድ ቀን የቀየረ ሰው መኪናው ቢሻለው እንኳ በየትኛው እንደዳነ አያውቅም። ሦስተኛ፣ ሳይለካ ዕቃ አይገዛም። አሮጌ መለዋወጫ በመነገድ ከታወቀው ከሱማሌ ተራ የተገዛ ያገለገለ ፓምፕ፣ የነበረው ፓምፕ ጤነኛ ከሆነ፣ አንዱን አሮጌ በሌላ አሮጌ ከመተካት አያልፍም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ዕቃ በመቀያየር የሚደረግ «ምርመራ» ከሁሉም ውድ ምርመራ ነው።

ምንም ወጪ የሌለው ክፍል

መጀመሪያ ባለቤቱ ይጠየቃል። የሚያስቸግረው ብርድ ላይ ነው ወይስ ሞቆ ለግማሽ ሰዓት ከቆመ በኋላ? ቆሞ ሲሠራ ነው ወይስ ዳገት ላይ? በክረምት ይብሳል ወይስ በበጋም ያው ነው? የነዚህ መልስ ብቻውን ግማሹን መንገድ ያስኬዳል። ብርድ ላይ ብቻ የሚያስቸግር መኪና ወደ ሙቀት ጠቋሚውና ወደ ቀዝቃዛ ማስነሻው ያመለክታል። ሞቆ ቆይቶ የሚያስቸግር ወደ ቤንዚን ግፊት፣ በክረምት የሚብስ ደግሞ ወደ ካንዴላ ሽቦና ወደ ዲስትሪቢዩተር ክዳን ይመራል።

ቀጥሎ ጭሱ ይታያል። ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ይናገራል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን ይጠቁማል፤ ይህም ጧት ሲነሳ ለአፍታ ብቻ ታይቶ ከጠፋ ችግሩ ብዙ ጊዜ የቫልቮች የዘይት ጎማ ነው፤ ፒስተን ድረስ አያደርስም። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይለቅ ነጭ ጭስና የራዲያተር ውኃ መጉደል አብረው ከታዩ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል።

ከዚያ ፊውዞቹ ይነካሉ። በነዚህ መርሴዲሶች ላይ ያሉት ፊውዞች ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ፣ ከሁለት መያዣ መካከል የሚቀመጡ ናቸው። ሳይቃጠሉ ጫፋቸው ይዝጋል፤ ኤሌክትሪክ ይቆራረጣል። ማብሪያው ተዘግቶ እያንዳንዳቸውን በጣት ማሽከርከር፣ ቢቻል አውጥቶ መጥረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

በዚሁ ክፍል ያለው ትልቁ ፍንጭ በዳሽቦርዱ ላይ የሚታይ ነው። ኤቢኤስ የተባለው የፍሬን መብራት አልጠፋ ብሎ፣ ሚኒሞውም ማለትም ቆሞ ሲሠራ ያለው ዙር ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ላይሆኑ ይችላሉ። ኮምፒዩተሩንና ፍሬኑን ከከፍተኛ ቮልት የሚጠብቅ አንድ ሪሌ አለ። በ«124» ላይ ከባትሪው ጀርባ የሚቀመጥ፣ አናቱ ላይ ፊውዝ ያለበት ሣጥን ነው። ፊውዙ ሲቃጠል ወይም ውስጡ ያለው ብየዳ ሲሰነጠቅ ሁለቱም አብረው ይታመማሉ። ፊውዙን አይቶ መቀየር ወይም የተሰነጠቀውን ብየዳ ማስበየድ የሚፈጀው ገንዘብ ሞተር ከማስወረድ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ይህ ሪሌ ሲበላሽ መኪናው ለምን ጨርሶ እንደማይቆም መረዳት ይጠቅማል። የዘመኑ ብዙ የቤንዚን መርሴዲሶች የተገጠመላቸው ኬኢ-ጄትሮኒክ የተባለው የቦሽ ኩባንያ ሥርዓት ነው። የሚገባው አየር አንድ ሳህን ያነሳል፤ ሳህኑ በበኩሉ ለየሲሊንደሩ የሚሄደውን ቤንዚን ይመጥናል። ኮምፒዩተሩ የሚያደርገው መጠኑን ማስተካከል ብቻ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ኤሌክትሪክ ባያገኝም መኪናው ይሄዳል፤ የሚሄደው ግን እያነከሰ ነው። ያነከሰውን መኪና ብዙ ሰው «ያረጀ ሞተር» ብሎ የሚተረጉመው ይህን ባለማወቅ ነው።

አየር፣ እሳትና ቤንዚን

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሳህኑን ሳይነካ በሌላ ቀዳዳ የሚገባ አየር ያልተለካ አየር ነው። ቤንዚኑ ያንሳል፤ ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል። ከ30 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የጎማ ቱቦ ደግሞ መሰንጠቁ አይቀርም። ለዚህ ነፃ የሆነ መፈተሻ አለ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ይከፈታል። ቱቦዎቹ ጤነኛ ከሆኑ የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ይለወጣል ወይም ሊጠፋ ይቃጣል። ምንም ለውጥ ካልታየ በሌላ በኩል ቀድሞ የገባ አየር መኖሩ ይጠረጠራል። ቦታውን ለማግኘት በቱቦዎቹና በኢንጀክተሮቹ ሥር የሳሙና ውኃ በጥቂቱ ይረጫል፤ የሞተሩ ዙር የተለወጠበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ቤንዚን ረጭቶ የሚፈትሽ ሰው እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ይህ ዘዴ ይቅር።

እሳቱን በተመለከተ ካንዴላዎቹ ወጥተው በተራቸው ይደረደራሉ። ቡናማ መልክ ጤና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ ዘይት የቀባው ዘይት ማለፉን፣ የነጣው ቤንዚን ማነሱን ይናገራል። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ ችግሩ የጋራ ነው። አንዱ ብቻ ከተለየ ግን የዚያ ሲሊንደር ጉዳይ ነው፤ ሞተር ሁሉ አይፈረድበትም። ሲመሽ በጨለማ የሞተሩ ክዳን ተከፍቶ በካንዴላ ሽቦዎቹ ዙሪያ ውኃ በስሱ ሲረጭ የሚብለጨለጭ ሰማያዊ እሳት ከታየ፣ ሽቦው ወይም የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን መሰንጠቁን ዓይን ይመሰክራል። በፉሪ የክረምት ጧት የማይነሱ ብዙ መኪኖች የሚነሱት ይህ ክዳን ተከፍቶ በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግ ነው።

ቤንዚኑ ሲታይ ፊልትሮው ቀዳሚ ነው፤ መቼ እንደተቀየረ ማንም የማያስታውስ ከሆነ ይቀየራል። ቀጥሎ ግፊቱ በመለኪያ ይነበባል። በኬኢ-ጄትሮኒክ ከ5.3 እስከ 5.5 ባር አካባቢ ሊሆን ይገባል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ግፊቱ ወዲያው ዜሮ የሚገባ ከሆነ፣ ሞቆ ቆይቶ አልነሳ የማለት ምክንያቱ ይኸው ነው። ይህ ልኬት ቱቦ መፍታት ስላለበትና ቤንዚኑ በኃይል ስለሚወጣ ለሚያውቅ ሰው መተው አለበት። በተጨማሪ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ከስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል በሱሉልታ ከቤንዚን ጋር ይቀላቀል እንደነበር ማስታወስ ይጠቅማል። ኤታኖል ለሱ ያልተሠሩ አሮጌ የጎማ ክፍሎችን የማድረቅና የማላላት ጠባይ ስላለው፣ የቤንዚን ቱቦዎች ዕድሜ በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅ ተዳብሶ መታየት አለበት።

ከጠቋሚዎቹ ሁሉ በቅድሚያ መለካት ያለበት የሞተሩን ውኃ ሙቀት ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው ነው። በቴስተር ሲለካ በ20 ዲግሪ 2,500 ኦም አካባቢ፣ በ80 ዲግሪ 300 ኦም አካባቢ ያሳያል። ሽቦው ከተበጠሰ ወይም ጠቋሚው ከከሸፈ ኮምፒዩተሩ ሞተሩን ምንጊዜም እንደ ቀዘቀዘ ሊቆጥረው ይችላል፤ ቤንዚን ያበዛል። ጥቁር ጭስና «ቤንዚን በላ» የሚለው አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ትንሽ ዕቃ ሊገለጽ ይችላል።

መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው

ከሁሉ በላይ የፉሪን ባለመኪና የሚጎዳው ስሕተት እዚህ ላይ ይመጣል። «ሞተሩ አልቋል» የሚለው ቃል በመለኪያ ሲደገፍ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የኮምፕሬሽን ቁጥር ነው። ፋብሪካው ያወጣው ቁጥር ግን ለባሕር ወለል አየር የተሰላ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በ2,300 ሜትር የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ብቻ ነው።

ሲሊንደር የሚጨምቀው የገባለትን አየር ነው። ሩብ ያህል ሲጎድል የሚነበበው ቁጥርም በዚያው መጠን ይጎድላል። በጅቡቲ ወደብ ላይ 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ፉሪ ላይ 9 ባር አካባቢ ቢያሳይ የሚያስገርም አይደለም። ይህን ያልተረዳ መካኒክ ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር አስተያይቶ በቅን ልቡና ጤነኛ ሞተር ያስወርዳል። ባለቤቱም «ተለክቶ ነው» ብሎ ያምናል።

ስለዚህ በከፍታ ቦታ ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይታያል። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ወጥተው፣ እሳትና ቤንዚን ተቋርጦ፣ የቤንዚን መርገጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ ይለካል። ሁሉም ተቀራራቢ ከሆኑ፣ ልዩነታቸውም ከ1.5 ባር ካላለፈ፣ ሞተሩ እንዲወርድ የሚያስገድድ ምክንያት የለም። አንዱ በግልጽ ከወረደ በዚያ ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎ እንደገና ይለካል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን መበሳቱ ይጠረጠራል። ልዩነቱ የገንዘብም ነው፤ ቴስታታ ማንሳትና ሙሉ ሞተር ማሳደስ አንድ ዋጋ አይደሉም።

ከፍታው በሌላም መንገድ ያሳስታል። ውኃ በዚህ አካባቢ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የነዚህ ሞተሮች ተርሞስታት የሚከፈተው በ87 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ውኃው እንዳይፈላ የሚይዘው በክዳኑ የሚታፈነው ግፊት ነው። ክዳኑ ከላላ መኪናው ከለቡ ወደ መሐል ከተማ በተጨናነቀ መንገድ ሲገባ ይፈላል፤ ባለቤቱ ራዲያተርና ፓምፕ ይቀይራል፤ መድኃኒቱ ግን ክዳኑ ነበር። ተርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ ቢሆንም ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲሠራ፣ ቤንዚንም እንዲያባክን ያደርጋል።

እንዲሁም ሳሱ አየር ጉልበት ይቀንሳል። የከፍታ ማስተካከያ የሌለው መኪና ላይ ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ይበዛል። ከዚህ የተነሳ ወደ ፉሪ ተራራ አቅጣጫ ዳገት ሲወጣ የሚታየው ድካም ከፊሉ የሞተሩ ሳይሆን የአየሩ ነው። ቀልጣፋ የነበረ መኪና ከአዋሽ ቆላ ወደ ላይ ሲመጣ «ደከመ» ቢባል ሊደነቅ አይገባም።

ናፍጣውና የዘመኑ ወጥመድ

የናፍጣ መርሴዲሶች ካንዴላም ዲስትሪቢዩተርም የላቸውም፤ ስለዚህ ምርመራቸው አጭር ነው። የጧት ችግር ከሆነ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ አንድ በአንድ በቴስተር ይለካሉ፤ መቋቋሚያቸው ከ1 ኦም በታች ሊሆን ይገባል፤ ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። ጉልበት ከጠፋ ሁለቱ የናፍጣ ፊልትሮዎች ይቀየራሉ። ከዚያ በፓምፑ ዙሪያ ያሉት ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ቱቦዎች ይታያሉ፤ በውስጣቸው የአየር አረፋ ከተመላለሰ የመገጣጠሚያ ጎማቸው አልቋል። ጎማው ርካሽ ነው፤ አየሩ ግን ውድ ፓምፕ ያስገዛል።

ለገዢ ልዩ ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ1995 መካከል ለተሠሩ አንዳንድ መርሴዲሶች ነው። በዚያ ዘመን የሞተሩ ሽቦዎች የለበሱት ፕላስቲክ በሙቀት እየተፈረፈረ የሚራገፍ ሆኖ ተገኝቷል። መኪናው አንድ ቀን ጤነኛ፣ በማግሥቱ ሕመምተኛ ይሆናል፤ ማንኛውም ዕቃ ቢቀየር አይድንም። ምርመራው ቀላል ነው፤ የሽቦው መሸፈኛ በጥቂቱ ተገልጦ ሽቦው በጣት ቀስ ተብሎ ይታጠፋል። ከተፈረፈረ ዋጋው በዚያው መጠን መውረድ አለበት። አዲስ የሚመስል መኪና ከአሮጌው በልጦ ሊያስወጣ የሚችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ውጤቱ በዋጋ ሲተረጎም

ከላይ የተዘረዘረው በሙሉ በአንድ ቀን ተኩል ሊያልቅ ይችላል። ውጤቱ ግን በአፍ ከቀረ ገበያው ላይ ዋጋ የለውም። ሻጭ የየሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን፣ የቤንዚኑን ግፊት፣ የባትሪውን ቮልት ከቀኑ ጋር በአንድ ወረቀት አስፍሮ ከሊብሬው ጋር ቢያቀርብ «ሞተሩ አልቋል» የሚለው ድርድር ይዳከማል። የባትሪው ቮልት ሞተሩ ሳይነሳ 12.6 ገደማ፣ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ቢሆን ጤና ነው። ገዢም በበኩሉ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ልኬቱ እሱ በመረጠው ባለሙያ ፊት እንዲደገም ቢጠይቅ ማንንም አላስቀየመም። እምቢ የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቷል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ ያልተለካ መኪናም ትክክለኛ ዋጋ የለውም።

ደላላውም ከዚህ ይጠቀማል። ሥራው ሁለት ወገን ማገናኘት እስከሆነ ድረስ የተለካ መኪና ቶሎ ይሸጣል፤ ከሽያጭ በኋላ የሚመጣ ጭቅጭቅም ይቀንሳል። ጉዳት የሚደርስበት ባለማወቅ ላይ የሚያተርፈው ብቻ ነው።

ምርመራው ሁልጊዜ ደስ የሚል ዜና አያመጣም። የሲሊንደሮቹ ልዩነት ሰፊ ከሆነ፣ የራዲያተሩ ውኃ ከዘይት ጋር ከተቀላቀለ፣ የቦዲው ወለልና የእግር መያዣዎቹ በዝገት ከተበሉ፣ በቀላሉ የሚጠገን ነገር የለም፤ መኪናው ለዕቃው ይሸጣል። ያም ቢሆን ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ገንዘቡን በፓምፕና በዲስትሪቢዩተር ከጨረሰ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ነው።

በፉሪው ጋራዥ ደጃፍ የቆመው መርሴዲስ እንግዲህ ሁለት መንገድ አለው። በአንደኛው ሞተሩ ይወርዳል፤ ባለቤቱ ለወራት በታክሲ ይመላለሳል፤ ሲነሳ ያው ይንቀጠቀጣል፤ ምክንያቱም የተሰነጠቀው ቱቦ እንደነበረ ተመልሶ ተገጥሟል። በሁለተኛው መጀመሪያ የዘይት ክዳን ይከፈታል፣ ፊውዝ ይሽከረከራል፣ ካንዴላ ይደረደራል፣ ቴስተር ይያዛል። የሁለቱ መንገዶች ልዩነት አንድ ቀን ተኩልና የአንድ ደብተር ገጽ ነው።